መምህር ፈቃደ ሳይጠይቁ ያለፉት ጥያቄ

መምህር ፈቃደ ኪሩ ከአባታቸው ከአቶ ኪሩ ደምሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አረጋሽ ቦጋለ እ.ኤ.አ. በ1961 በዲላ ከተማ ተወለዱ። በግንባታ ምህንድስና ተመርቀው ሲሠሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ድንበር ተሻግረው ኬንያ ውስጥ ዋልዳ የስደተኞች ጣቢያ ገቡ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሳሌምን ያገኙት እዚያው የውሃ ወረፋ ላይ ነው። ሞያሌ ኑሮ መሥርተውም ቤዚንና ሱራን ወለዱ።

ከ1999 ጀምሮ በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ አስተማሩ። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ያኔ ጋሼ ሰሌዳ በቀመር ሞልተው፣ አጥፍተው፣ መልሰው የሚሞሉ ሰው ነበሩ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ያሰላል፣ ያልፋል። አዳኖ የተባለ፣ ከሞያሌ አጠገብ ከቡቲዬ የመጣ ልጅ በውሃ ግፊት ፈተና መቶ ከመቶ ሲያገኝ፣ በየሄዱበት አወሩለት።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 አዳኖ ለእናቱ ለወይዘሮ ሀዋኦ፣ በቤታቸው ጎን ረጅምና ጠባብ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ሠራላቸው። ጠባብ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ነው፣ ትንሽ ውሃ ደግሞ አይገፋም ብሎ ብሎኬቱን በስሱ ደረደረ። ውሃ ግን የሚገፋው በጥልቀቱ ልክ ነው። ማጠራቀሚያው በሞላ ዕለት ግድግዳው ተደርምሶ ልጁን ገደለው።

ጋሼ የፈተናውን ወረቀት ይዘው ወይዘሮ ሀዋኦ ዘንድ ሄዱ። ማስላት እንጂ ማሰብ አላስተማርኩትም ብለው አለቀሱ። እናቲቱም፣ «እኔን ይቅርታ ከሚለምኑ፣ የቀሩትን ልጆች ይጠይቋቸው» አሏቸው።

ጠየቁ። ትምህርት ሲጀመር እስክሪብቶ አስቀምጠው ቁጥር የሌለው ጥያቄ ያቀርባሉ፦ ጥልቀታቸው እኩል ከሆነ ሰፊና ጠባብ ማጠራቀሚያ፣ ግድግዳውን አብልጦ የሚገፋው የትኛው ነው፣ ወይስ እኩል ናቸው? ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ መልሱን በጣቱ ያሳያል፣ ከጎረቤቱ ይከራከራል፣ እንደገና ጣቱን ያነሣል። ክፍሉን ገበያ አደረጉት ብለው ያጉረመረሙ ባልደረቦች ነበሩ። አብዛኛው ሲሳሳት ግን ጋሼ ደስ ይላቸው ነበር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር። በመስኮቱ ሥር ባለው ባዶ ወንበር ማንንም አላስቀመጡም። ጫጫታው ሲበርድ ወደዚያ ዞረው፣ «አዳኖ፣ አንተስ?» ሲሉ ተማሪዎቻቸው ሰምተዋል።

በመጨረሻ በጉበት ሕመም አልጋ ያዙ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የጎረቤቱን ማጠራቀሚያ እዩልኝ እያሉ ይነሡ ነበር። ጥቅምት 9 ቀን እ.ኤ.አ. 2018 በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

የአዳኖ ወረቀት ከትራሳቸው ሥር ተገኘ። መቶ የሚለውን ሰርዘው፣ በጎኑ «ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ» ብለው ጽፈውበታል። ወይዘሮ ሀዋኦ ዛሬ ጠዋት ለቅሶ መጥተው ወረቀቱን ከሳሌም እጅ ተቀበሉ፤ «እሳቸው ይብቃቸው፣ አሁን እኔ ልያዘው» አሉ።

እግዚአብሔር የጋሼን ነፍስ ዝናብ በማያስደነግጥበት ቤት ያሳርፍልን፤ ለሁለቱም ቤተሰቦች መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።