የማረቆው ኬሻ

ለእህቴ ለሳሌሃ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር እኔና አባ ደህና ነን።

የሂሳብ መምህራችን «ሁለት ኬሻ በርበሬ አንድ ላይ መቶ ኪሎ ነው፤ የማረቆው ከሌላው በሃያ ይበልጣል፤ የእያንዳንዱን ፈልጉ» አለን። በማረቆው ቦታ «ሌላው ሲደመር ሃያ» ብዬ ተካሁና ሌላውን አርባ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ እዚያው አቆምኩ። መምህሩ «የማረቆውስ?» ብሎ ግማሽ ነጥብ ሰጠኝ። አርባውን መልሼ ስተካ ስልሳ ወጣ። ከእንግዲህ ሁለቱንም ሳላገኝ አልነሳም!

አርብ ከትምህርት ስወጣ ገበያ ላይ የአባን ቦታ የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ሚዛኑን «አንብቢ፣ ልፈትንሽ» ይለኛል። ድሮ ከሩቅ በቀለሙ የሚያውቀውን የማረቆ በርበሬ አሁን ዳብሶ ይለየዋል። ትምህርቴንም ገበያውንም አልለቅም።

ስትመጪ ገና ከደጃፉ ስምሽን ጥሪለት።

አላህ በሰላም አምጥቶሽ በአንድ ማዕድ ያስቀምጠን።

እህትሽ ሰልሚያ፣ ከቡታጅራ