ኦቦ ገመቹ ወደ ግቢያችን ሊያወጣው ያሰበው መስኮት

ታዬ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ይኸው ሁለተኛውን ክረምት ልሻገር ነው። ሙት ዓመትህን እንደሚገባ አውጥተናል፤ ጉልበቴ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ልጃችን መሠረት እጃጂ ከተማ ማስተማር ጀምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣልኛለች። በደጃችን ባጃጅ ከንጋት ጀምሮ ሲንጫጫ ይውላል። አንተ ብትሰማው ትስቅ ወይ ትሳደብ እንደሆነ እንጃ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን በኦቦ ገመቹ ነገር ነው። የአጥር ጎረቤታችን የጭቃ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት እየሠራ ነው። ፕላኑን ማዘጋጃ ቤት አጽድቆለታል፤ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል። በእኛ በኩል ባለው ግድግዳ መስኮት ማውጣት ይፈልጋል፤ ግድግዳው ለአጥራችን በጣም ስለሚቀርብ ደግሞ ደንቡ ያለ ጎረቤት ስምምነት አይፈቅድለትም። አንድ እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለስ ስኳር ይዞ መጣ። «አካም ቡልተን፣ አደ አስካለ» ብሎ በኦሮምኛው፣ እንዴት አደሩ ወይዘሮ አስካለ ማለቱ ነው፣ ጉልበቴን ጠየቀ፣ መሠረትን ጠየቀ፣ ላሟን ሳይቀር ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ነው መስኮቱን ያነሳው። ማዘጋጃ ሄደው ይፈርሙልኝ አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ለብርሃን ነው» አለ።

ለብርሃን! በእኛ በኩል ያለው ሰሜን ነው፤ ፀሐይ በሰሜን ስትወጣ ማን አየ?

አንተ ብትኖር «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አለ ስንጥር» እያልክ ትተርበኝ ነበር። ተርበኝ። ግን በዚያ አጥር ሥር ምን ልንሠራ እንደነበር ታውቃለህ፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች። አንተ ከላይ ታች እየተራመድክ ለካኸው፣ እኔ ከኋላህ ድንጋይ እያስቀመጥኩ ተከተልኩህ። አንተ ከሄድክ በኋላ ለእርጅናዬ ያለኝ ተስፋ እሱ ብቻ ነው።

ማዘጋጃ ሄድኩ። ከዚህ ቢሮ ወደዚያ ቢሮ ስንከራተት ቆይቼ አንድ ወጣት መሐንዲስ ዘንድ ደረስኩ። ብፈርም ምን አጣለሁ ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ አንዴ ከተስማማሁ መስኮቱን የሚደፍን ቤት ፊት ለፊቱ ልሠራ አልችልም። ሰርቪሱ ቀረ ማለት ነው። ስንጥሩ ተገኘ አልኩ በልቤ። መሐንዲሱንም ጠረጠርኩት። ወንበር አቅርቦ፣ ደግሞ ደጋግሞ ያስረዳኛል፤ ማን ልኮት ነው? ቢሮ ሄዶ ወንበር የቀረበለት ሰው ቢጠረጥር ይፈረድበታል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦቦ ገመቹን ማናገር አቆምኩ። ስኳሩን ግን አልመለስኩም፤ ጠጣሁት።

ሆኖም ዕረፍት አጣሁ። መስኮቱ ምን እንደሚያይ በዓይኔ ላየው ፈለግሁ። ሰውየው ጊንጪ በሄደበት ቀን ወደ ቤቱ ገባሁ። እዚያው ገና ያልተለሰነው ቤት ውስጥ ነው የሚያድሩት። ሚስቱ ጫልቱ ምን ሆነች ብላ ከኋላዬ መጣች። በመኝታ ክፍላቸው የመስኮቱን ቦታ ክፍት ትተው ሸራ ጋርደውበታል። ሸራውን ገልጬ ተመለከትኩ። የእኛ መኝታ ቤት አይታይም። በራችንም አይታይም። የሚታየው ግቢያችን ውስጥ ያለው የውሃ ቧንቧ ነው፤ አንተ የወደቅህበት።

ምንድን ነው ይሄ አልኳት። ጫልቱ እንባዋ መጣ። አንተ በወደቅህበት፣ እኔ ገበያ በሄድኩበት በዚያ ቀን ባሏ ድምፅህን ሰምቶ ነበር። «ራዲዮ መስሎት ነው፣ አደ አስካለ። ኦቦ ታዬ ኳስ የከፈቱ መስሎት ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። መስኮቱንም የፈለገው እርስዎ ቢጣሩ እንዳያመልጠው ነው» አለችኝ። ራዲዮህን እንዴት ታስጮኸው እንደነበር ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ስንቴ ቀንስ ብዬህ ነበር።

ታዬ፣ ተጣርተህ ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ ወዲያው ነው ያረፈው ብሎኝ፣ በዚያ ተጽናንቼ ነበር የምተኛው። ገመቹን ባገኘው አንቀው ነበር። ሲመሽ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እኔን ለማስፈረም የፈጠሩት ቢሆንስ? የጸጸተው ሰው ይህን ያህል ጊዜ ዝም ይላል?

ስለዚህ ፈተንኩት። አንድ ማለዳ ቧንቧው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩና ጠራሁት። አልጮህኩም። አቅም ያነሰው ሰው በሚጣራበት ድምፅ ብቻ «ኦቦ ገመቹ» አልኩ። ሳልደግመው ሸራው ተገለጠ። ሰውየው በመስኮቱ ክፍት ዘሎ፣ አጥሩን ጥሶ መጣ፤ ግማሽ ፊቱ የመላጫ ሳሙና፣ አንድ እግሩ ባዶውን። ደህና ነኝ፣ ለሙከራ ነው አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሳሙናውን በክንዱ ጠርጎ «ነገም ይሞክሩኝ፣ አደ አስካለ» አለና እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

በማግስቱ ማዘጋጃ ሄጄ ፈረምኩ። መሠረት በጓሮ በኩል አንድ ክፍል ይወጣዋል ብላለች፤ እናያለን። መሐንዲሱ ያን ቀንም ወንበር አቀረበልኝ፤ ያን ቀንም አላመንኩትም።

ገመቹን ይቅር ብለሽዋል ወይ ብትለኝ ገና ነኝ። አንዳንድ ማለዳ ቧንቧው ሥር ሆኜ እጠራዋለሁ፤ ሁልጊዜም ይመጣል። አንተንም እዚያው ሆኜ እጠራሃለሁ፣ ታዬ። አፌ ስምህን ማውጣት እስኪያቅተው ድረስ እጠራሃለሁ። አንተን ግን ለመፈተን አይደለም።

አስካለህ