ለጠርዙ ማን ይከፍላል

ሰኞ፣ ማርች 5፣ 2018

ዛፉ ይሸጥ ተባለ። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም አልተቃወምኩም።

መሬቱ አይደለም የሚሸጠው፣ ላዩ ላይ ያለው ጫካ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከአትላንታ በስተደቡብ መሬት ገዝታ ካስቀመጠች ቆየች። እዚያ የራሳችንን ሕንፃ እንሠራለን እያልን ዓመታት አለፉ። አሁን ዱሉዝ ከተማ የምንከራየውን አዳራሽ ባለቤቶቹ ሸጡትና ኦገስት ሲያልቅ ልቀቁ አሉን። ከኪራይ አዳራሽ ስንወጣ ይህ ሦስተኛችን ነው። ባንኩ ቅድሚያ ክፍያ ሳትይዙ አትምጡ ብሏል። ሚስተር ሮይ የሚባል እንጨት ገዢ ደግሞ ቆርጦ ለመውሰድ ተዘጋጅቷል፤ ማሽኑ የዛሬ ሳምንት ይገባል።

የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ስለዚህ መፈረሙም፣ ከሚስተር ሮይ ጋር መነጋገሩም የኔ ነው። በጫካው መሀል ወንዝ ያልፋል። ከወንዙ ግራና ቀኝ ጥቂት ዛፍ ቢተው ጥሩ ነው፣ ስፋቱን እናንተው ሪባን አስራችሁ አሳዩኝ አለ። ክፍያው በተቆረጠው ልክ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «ጠበብ አድርገው» አሉኝ። ሰፋ ካለ ገንዘቡ ያንሳል፣ ገንዘቡ ካነሰ ከፕላኑ ላይ መጀመሪያ የሚሰረዙት የሰንበት ትምህርት ቤቱ ክፍሎች ናቸው። ነገሩ ግልጽ ነው፣ የሚያከራክር የለውም።

ነገ የጠዋት ፈረቃ ነኝ።

ማክሰኞ

ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ከክፍል ወደ ክፍል በአልጋ መግፋት ነው ሥራዬ። ዛሬ አንዲት ሴትዮ ከቀዶ ጥገና ስትወጣ እጄን ያዘችና አለቀሰች። «አይዞሽ» አልኳት። ቃሉን አልኩት እንጂ ውስጤ ምንም አልነበረም።

ከገና ወዲህ እንዲህ ነኝ። ያልተሰማኝን ልጻፈው፦
የእህቴ ልጅ ሠርግ። ምንም።
ሰው ሁሉ በአምልኮ ሲያለቅስ። ምንም። እጄን አነሳለሁ፣ ጎረቤቴ ሲያወርድ አወርዳለሁ።
መኪናዬን ከኋላ የገጨብኝ ልጅ። ወርጄ እሱን አጽናናሁት።

ባለቤቴ ሐኪም ጋ ሂድ ትለኛለች። የምውለው እኮ ሐኪም ቤት ነው እላታለሁ። በፊት ትስቅ ነበር።

ማታ ሊያ መጣች። ልጄ ዳውንታውን ነው የምትሠራው፤ ሥራዋን አንድም ቀን በደንብ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ስለ ጫካው ስነግራት የት እንደሚሄድ ታውቃለህ ወይ አለችኝ። እኔ ሳንቃ የሚሆን መስሎኝ ነበር። አይደለም። ጥሩ ጥሩው ግንድ ለሳንቃ ይወጣል፤ የቀረው ይፈጭና ይጨመቃል፣ የዶሮ መኖ የመሰለ ፍሬ ይሆንና በመርከብ አውሮፓ ይገባል። እዚያ በድንጋይ ከሰል ፋንታ ነድዶ መብራት ይሆናል። ዛፍ መልሶ ስለሚበቅል ሕጋቸው ንጹሕ ኃይል ብሎ ይቆጥረዋል። ሕጉን አሁን እያሻሻሉት ስለሆነ ክርክሩ ጦፏል። የሷ ቢሮ ደግሞ እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠ፣ ብርቅ አውሬና ወፍ የሚኖርበት ቦታ እንዳልተነካ የሚያስረዳውን ወረቀት ለገዢዎቹ ያዘጋጃል።

«የኛስ ያልፋል?» አልኳት።

«ያልፋል። ላይክ፣ ሁሉም ያልፋል አባዬ። ሎው ሪስክ፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው ብዬ ሰብሚት አደርጋለሁ፣ አለቀ። የናንተን ፋይል ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት፣ አባቴ ስለሆንክ። ግን ያልፋል።»

ይህን ስትል ስልኳን እያየች ነበር። ድምፅዋ የኔን ድምፅ መሰለኝ። ያሳዝናል ብዬ አሰብኩ፤ ማሰብ ብቻ ነው።

ረቡዕ

ምሳ ሰዓት ላይ ለሊያ ደወልኩላት። ማታ ያለችኝ ነገር አልለቀቀኝም። አውሮፓ ውስጥ ገበሬ የእርሻውን ጠርዝ ሳያርስ ለወፍና ለንብ ቢተወው መንግሥት ይከፍለዋል ብላኝ ነበር። ገበሬዎቹ ግን እሱም አልበቃን ይላሉ፣ ሲመራቸው ትራክተር አሰልፈው መንገድ ይዘጋሉ። ሌላው ወገን ደግሞ ወፉ እያለቀ ነው፣ ጠርዙ ይስፋ ይላል። ያው እንደኛ ስብሰባ ነው።

«ለኛ ጠርዝ ማን ነው የሚከፍለው?» አልኳት።

ማንም፣ አለች። እዚህ ያለው ወንዝ በነሱ ካርታ ላይ የለም።

ወፋቸውን በገንዘባቸው ይጠብቃሉ፣ መብራታቸውን በኛ ዛፍ ያበራሉ አልኳት። ጥሩ አነጋገር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም አለችኝ። ከሰሉን መተው አለባቸው፣ ጭሱ ለሁላችንም ነው። ገበሬውም ልጅ ያሳድጋል። እዚህ ዛፉን የሚሸጠውም ባለዕዳ ነው። «ሁሉም ልክ ነው አባዬ፣ ችግሩ እሱ ነው» አለችና ሚቲንግ አለብኝ ብላ ዘጋችው።

ማታ ከጸሎት በኋላ ለፓስተር ዳንኤል የወንዙን ዳር ትንሽ ብናሰፋውስ አልኩት። እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው፣ አሳብም አልነበረኝም። ሳቀና «ወንድም ግርማ፣ አድባር ልትተክልብን ነው እንዴ?» አለ። የሰሙትም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እኛ መቼም የዛፍ ነገር ሲነሳ ቶሎ እንሳቀቃለን። ብዙዎቻችን አያቶቻችን ዛፍ ቅቤ ሲቀቡ አይተናል፣ ወይም ሲወራ ሰምተናል። ከዚያ የወጣ ሰው ለዛፍ ሲከራከር አያምርበትም።

ሐሙስ

የዕረፍት ቀኔ ነው። እማማ ዘነበችን ክሊኒክ አደረስኳቸው። ከምእመናኑ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው፤ ስለ አድባርም ከኛ ሁሉ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ታሪካቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅ ሳሉ ጌታን ተቀበሉ፤ በዓመቱ ለመንደሩ ዛፍ ቅቤ ውሰጂ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ አባታቸው በዚያው ሌሊት ከቤት አባረሯቸው። ምስክርነታቸው ላይ ሲናገሩት ስንት ሰው አልቅሷል።

ስለዚህ ይቆረጥ እንደሚሉኝ እርግጠኛ ሆኜ ነው የጠየቅኋቸው። እውነቱን ለመናገር እንዲሉኝ ፈልጌ ነው። ሌላ ሰው ሲወስንልኝ ይቀለኛል።

«ዛፉ ምን አደረገኝ ልጄ?» አሉ። «ያባረረኝ አባቴ ነው። ዛፉማ የቆመበት ነው የቆመው።»

«እንግዲያ ይቅር ነው የሚሉት?»

«እንዲያ አልወጣኝም። ቤት እፈልጋለሁ። ስንት ጊዜ ልባረር? ሬሳዬ እንኳ ከሰው አዳራሽ አይውጣ።»

ከዚያ ሬዲዮኑን ክፈተው አሉኝ። ሊያንም እሳቸውንም ጠየቅሁ፣ ሁለቱም መልስ ሰጡኝ፣ መልሱ ግን የት እንደምቆም አልነገረኝም።

ዓርብ

ፈረምኩ። ሚስተር ሮይ ጨዋ ሰው ነው፣ ሁለት ጊዜ አመሰገነኝ። ሪባኑን በጥቅል ሰጠኝ፤ ደማቅ ሮዝ ነው። ሠራተኞቹ ከሪባኑ ወደ ወንዙ በኩል አንድ ዛፍ እንደማይነኩ ቃል ገባልኝ።

ጾም ጸሎት ታውጆ ነበር። ጾምኩ። አልራበኝም።

ቅዳሜ

ጭቃው ከጫማዬ ገና አልለቀቀም። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ሊያ ራሷ እመጣለሁ አለች። እንዲህ ስላለ ጫካ በየቀኑ እየጻፈች አንዱንም በእግሯ ረግጣው አታውቅም። በጠዋት ነዳን። ቤተ ክርስቲያኗ መሬቱን ስትገዛ ሁላችንም አውቶቡስ ተከራይተን ሄደን ነበር፤ ያን ጊዜ ግን መንገዱ ዳር ቆመን ጸለይን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ተመለስን። ወደ ውስጥ የገባ አልነበረም።

ውስጡ ውኃ ነው። ወንዙ አንድ ቦታ አይቆምም፣ በየዛፉ ሥር ይንሸራሸራል። ዛፎቹ ታች ወፍረው ላይ ይቀጥናሉ፣ ቅጠላቸው ገና ነው። ስንገባ እንቁራሪቱ ጆሮ ያደነቁር ነበር፤ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄድን በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ቆምን። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉም። ራቅ ብሎ ግንደ ቆርቁር ይመታል። ሊያ አንድ የበሰበሰ ግንድ አገላብጣ እንሽላሊት የመሰለ፣ ቆዳው እርጥብ የሆነ ነገር አገኘች። መዳፏ ላይ አስቀምጣ ብዙ አየችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ መለሰችው፤ ግንዱንም እንደነበረ አድርጋ አስተኛችው።

ከወንዙ ለክቼ ሽማግሌዎቹ የፈቀዱት ቦታ ላይ የመጀመሪያውን ሪባን አሰርኩ። ወደ ሁለተኛው ዛፍ ስሄድ እግሬ ሰመጠ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ያሰርኩበት ዛፍ ራሱ ውኃ ውስጥ ነው የቆመው። ከሱ ወዲያ ያለውም። ሪባኔ እርጥቡን መሬት መሀል ለመሀል ሰንጥቆታል።

ተመልሼ ፈታሁት። ጫማዬ ደርቆ እስኪወጣ ድረስ ከወንዙ እየራቅሁ ሄድኩ፤ እዚያ አሰርኩት። ቀጣዩንም እንደዚያው። በዚያ አኳኋን እስከ ወሰናችን ጫፍ ደረስኩ፣ በወዲያኛውም ዳር ተመለስኩ። በልቤ የተነሳ ነገር አልነበረም፤ ድምፅም አልሰማሁም፣ መንፈስም አልወረደብኝም። እጄ ነው የሠራው።

«አባዬ፣ አልፈሃል» አለች ሊያ።

«አውቃለሁ።»

ጥቅሉ ሲያልቅብኝ ከቦርሳዋ የራሷን አወጣች፤ ለካ ገዝታ ነው የመጣችው።

ከመንገድ ለሚስተር ሮይ ደውዬ እስከ የት እንዳሰርኩ ነገርኩት። አልተቆጣም፣ ያንተ ዛፍ ነው አለና የሚቀነሰውን አስልቶ ነገረኝ። ከፕላኑ ጋር አስተያየሁት። ሁለት ክፍል ነው፤ የሕፃናቱ ክፍልና ከጎኑ ያለው።

ማታ ለፓስተር ዳንኤል ደወልኩ። የሚቀሩትን ክፍሎች ነገርኩት።

«ለማን ብለህ ነው?» አለኝ።

ለእግዚአብሔር ፍጥረት ብዬ ማለት እችል ነበር። እንደዚያ ቢባል የሚቃወም የለም። ግን ውሸት ይሆንብኛል፣ እንደዚያ ብዬ አላሰርኩትም። እግሬ የሚሰምጥበት ቦታ ላይ ማሰር አልቻልኩም አልኩት። ይህን ለሽማግሌዎች እንዴት አድርጌ ላስረዳ አለኝ።

እሑድ

ሽማግሌዎቹ ከአምልኮ በኋላ ተቀመጡ። ግማሹ ሂድና ሪባኑን መልሰው አለ። ግማሹ ሰው የሰማው ነገር ሆኗል፣ እንደታሰረ ይቆይ አለ። እማማ ዘነበች በር ላይ ተቀምጠው ነበር፣ የጠየቃቸው የለም። በመጨረሻ ፓስተር ዳንኤል እንዲህ አለ፦ ማሽኑ ነገ ጠዋት ሲመጣ አንተ እዚያ ቁም። ብትመልሰውም ባትመልሰውም አንጠይቅህም። ካልመለስከው ግን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ወላጆች የምትነግራቸው አንተ ነህ።

ተገላገልኩ ብዬ ስወጣ እህት ሰላም ፓርኪንግ ውስጥ ቆማ ትጠብቀኛለች። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ናት፤ ትንሹ ልጇ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። ሕፃናቱን ከአዳራሹ ኮሪደር ላይ ምንጣፍ አንጥፋ የምታስተምር እሷ ናት። ሰው በላያቸው ይራመዳል።

«ጋሼ፣ የልጆቹን ክፍል ለእንቁራሪት ሰጠው አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኳት።

ጠበቀችኝ። ምክንያት ይነግረኛል ብላ ነው። ሊያ የነገረችኝን ሁሉ፣ ከሰሉን፣ መርከቡን፣ ሕጉን፣ በጭንቅላቴ አዞርኩት፤ ለዚች ሴት የሚሆን አንድም አጣሁበት።

«አውሮፓ ውስጥ ጠርዙን ለሚተው ገበሬ ይከፍሉታል» አልኳት። «ለኛ የሚከፍል የለም። እኔ ያንቺን ልጅ ነው ያስከፈልኩት።»

ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችው። አልጮኸችም።

«መጠየቅ ነበረብህ» አለችኝ። «ምናልባት እሺ እንል ነበር። ግን መጠየቅ ነበረብህ።»

ፊቴ ነደደ። እዚያው መኪኖቹ መሀል አፈርኩ፤ እንደ ልጅ፣ ዓይኗን ማየት እስኪያቅተኝ ድረስ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ተቀመጥኩ። አሁንም አልለቀቀኝም።

ልክ ናት። እኛን ሳይጠይቁ በዛፋችን መብራት የሚያበሩትን ስወቅስ ሰነበትኩ፣ እኔ ራሴ ማንንም አልጠየቅሁም። ስለዚህ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ልጠይቅ ነው። የወላጆቹን ስልክ ከባለቤቴ ወሰድኩ። ሁለት ክፍል ይቀርባችኋል፣ እርጥቡ መሬት ግን እንዳለ ይቆማል፣ ምን ትላላችሁ ብዬ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ያሉኝ ንገራቸው ነው፤ እኔ ግን ልጠይቃቸው ነው። ክፍሎቹ አይቅሩብን ካሉ ገና ሳይነጋ ሄጄ በገዛ እጄ እፈታዋለሁ።

የመጀመሪያዋ እህት ሰላም ናት። ቁጥሯን ደውዬ ሳታነሳው ዘጋሁት። እንደገና ልደውል ነው። እምቢ እንዳትለኝ ፈርቻለሁ።