ማር አልሰው የአቋቋም ቤቱን ያቆዩት የወይዘሮ ባንቺአየሁ እጅጉ የሕይወት ታሪክ

(1902 – 1984 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከአባታቸው ከአቶ እጅጉ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አደይ ገሠሠ ጥር 7 ቀን 1902 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬና ያኔ ወጀት ይባል በነበረው በፍኖተ ሰላም መካከል በምትገኘው በዝግባ ማርያም ደብር ተወለዱ። ዕለቱ የሥላሴ በዓል ስለ ነበር የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ ተባለ። አባታቸው ወንድ ልጅ ሲጠብቁ ሴት ብትመጣባቸውም አልከፋቸውም፤ አቅፈው ጥቂት ካዩዋቸው በኋላ «እንግዲህ ዓለሜን ባንቺ አየሁ» ስላሉ ስማቸው በዚያው ጸና።

ትምህርትን በተመለከተ፣ በዘመኑ ሴት ልጅ የኔታ ዘንድ አትላክም ነበርና ፊደል አልቆጠሩም። ሆኖም የአባታቸውን ጓሮና የደብሩን አቋቋም ቤት የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ተማሪዎቹ መቋሚያ ይዘው ሲዘምሙ፣ ከበሮ ሲመቱና ጸናጽል ሲያሰሙ፣ ከአጥሩ ወዲህ እሳቸው ጥጥ እየፈተሉ ሲያደምጡ አደጉ። ዜማውን ያውቁት ነበር ብንል ውሸት ይሆንብናል፤ ድምፃቸውም ቢሆን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለመዝሙር የተፈጠረ አልነበረም። የወደዱትን ነገር ግን አጥብቀው ይወዱ ነበር።

በ1917 ዓ.ም. ከአቶ ቢሆነኝ መኮነን ጋር በወግ በማዕረግ ተጋቡ፤ ጎጆ የወጡትም እዚያው በአባታቸው ግቢ ነው። አቶ ቢሆነኝ ታታሪ ገበሬና ንብ አርቢ ሲሆኑ፣ ከንግግር ቁጥብነታቸው የተነሣ «ከቢሆነኝ ንቦቹ ይናገራሉ» እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ሁለቱ ተዋደው ተከባብረው ኖሩ። ልጅ ግን እንቢ አላቸው። ያልተሳሉበት ታቦት፣ ያልተጠመቁበት ጠበል አልነበረም። ወይዘሮ ባንቺአየሁ በዚህ ምክንያት በየድግሱ ሕፃን ያቀፈች ሴት አጠገብ መቀመጥ ይከብዳቸው እንደ ነበር ኋላ ሸሽገው አያውቁም።

የዝግባ ማርያም አቋቋም ቤት በዚያን ጊዜ በየኔታ ክንፈሚካኤል ይመራ ነበር። የኔታ በወጣትነታቸው ከጎንደር መጥተው እዚያው ያረጁ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሊቅ ነበሩ። የሚያስተምሩት የዝማሜና የከበሮ ስልት ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲወርድ የመጣ እንጂ በብራና የሰፈረ አልነበረም። ሃያ የማይሞሉት ተማሪዎቻቸውም ሁሉ የሩቅ አገር ልጆች ነበሩ፤ ተማሪ አገሩንና የእናቱን ማጀት ካልለቀቀ ትምህርት አይገባውም ስለሚባል፣ አንድም የደብሩ ተወላጅ በመካከላቸው አልነበረም። ቀለባቸው ከሁለት ወገን ይመጣ ነበር፤ አንዱ የቡሬው ባለጉልት በየመከሩ የሚሰፍሩላቸው እህል፣ ሌላው ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን አንግበው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከየቤቱ የሚለምኑት ቁራሽ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ገባ፤ ቡሬ ላይም ምሽግ ሠራ። ባለጉልቱ በረሃ ወረዱ፤ ጎተራቸው ለወታደር ቀለብ ዋለ። በዚህ የተነሣ የአቋቋም ቤቱ ድርጎ ተቋረጠ። ተማሪዎቹ በልመናው ብቻ ሁለት ክረምት እንደ ምንም ከረሙ። በ1931 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን ከቡሬው የጣሊያን ሹም ትእዛዝ መጣ፦ ከተወለደበት ደብር ውጭ፣ ቤተሰብ ሳይኖረው የሚገኝ ጎልማሳ ሁሉ የአርበኛ መልእክተኛ ተብሎ ይታሰራል፤ ከመንደር መንደር እየዞረ የሚለምንም እንዲሁ። የኔታ ይህን በሰሙ ጊዜ ተማሪዎቹን ሰብስበው እስከ ኅዳር መጨረሻ ወደየአገራቸው እንዲበተኑ አዘዙ። ትምህርቱን የጨረሰ አንድም ተማሪ ስላልነበረ፣ እነዚያ ልጆች ከተበተኑ ስልቱ ከየኔታ ጋር መቃብር መውረዱ ነው።

ወሬው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ዘንድ ሲደርስ እንቅልፍ አጡ። ከአጥሩ ወዲያ ዝም ያለ አቋቋም ቤት ማሰብ አልቻሉም። በሚቀጥለው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ጠበል ጠዲቅ ሲቀምሱ፣ እሳቸው ከሴቶቹ ወገን ተነሥተው መሐል ቆሙ።

«አባቶቼ፣ ከወንድ ጉባኤ ገብታ አፏን ከፈተች አትበሉኝ። እነሱ ቤት የሌላቸው ልጆች ናቸው፤ እኔ ልጅ የሌለው ቤት አለኝ። የጡት ልጅ ማድረግ የአያት የቅድመ አያት ወጋችን አይደለም እንዴ? ቤተሰብ የላቸውም ካሉን፣ ቤተሰብ እንሁናቸው» አሉ።

ወጉን የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። ባዕድ የሆነ ሰው በካህንና በሽማግሌ ፊት ማር የተቀባውን የአባወራውን አውራ ጣት ይልሳል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዚያ ቤት ልጅ ነው፤ ያዝናል፣ ይደሰታል፣ ይካፈላል፤ የቤቱን ልጆችም እንደ እኅት እንደ ወንድም ያያል እንጂ አያገባም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ተስፋው፣ «ሐሳቡስ ደግ ነበር፤ ያን ሁሉ ጎረምሳ ማን ይቀልበዋል ልጄ?» አሉ። ወይዘሮ ባንቺአየሁም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም? አንድ አንድ እንካፈላቸው» ብለው መለሱ። ያኔ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ አቶ ቢሆነኝ ዞረ፤ ባል ካልፈቀደ ነገሩ ያበቃል። አቶ ቢሆነኝ ጥቂት አሰቡና «ማር አለ» አሉ። ከዚህ ሌላ በጉባኤው የተናገሩት የለም፤ ይህም በቃ።

ማር በሚቆረጥበት ወር፣ ኅዳር 21 ቀን፣ በደብሩ ክብረ በዓል፣ ተማሪዎቹ ቤት ቤት ተደለደሉ። ድልድሉን ያወጡት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነበሩ፤ በጥድፊያም አንድ ስሕተት ሠሩ። ከአዴት የመጣውን ተማሪ ታከለን ለአቶ ተስፋው ቤት መደቡት። የአቶ ተስፋው ልጅ እናኑ ማሩን በዋንጫ ይዛ ወደ አባቷ ስትመጣ ከእግራቸው ሥር ደፋችው። አባቷ ተቆጡ፤ ሌላ ማር ተሰጣት። እሱንም ደፋችው። እናኑ አቀርቅራ ቆመች፤ ታከለም እንደዚያው። ወይዘሮ ባንቺአየሁ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩና «በሉ ይኼ ልጅ ለተስፋው ቤት አይሆንም፤ ማሩ እንቢ ብሎታል» ብለው ታከለን ወደ ራሳቸው ቤት ወሰዱት። አቶ ተስፋው ነገሩ የገባቸው ዘግይቶ ነው፤ ስለ ፈሰሰው ማር ግን እስኪሞቱ ድረስ ሲያማርሩ ኖረዋል።

ሁሉም ቤት ቤቱን ሲይዝ የኔታ ብቻቸውን ቀሩ። እሳቸውም እንደ ተማሪዎቹ እንግዳ ነበሩ፤ ትእዛዙ እሳቸውንም ይነካ ነበር። ይሁን እንጂ የደብሩን ሰው ሁሉ በአባትነት ሲመክሩ የኖሩትን ሊቅ ማን ደፍሮ ልጄ ይበል? የኔታም «እኔ አባት ነኝ እንጂ በስተርጅና ልጅ አልሆንም» አሉ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ቀርበው ጉልበታቸውን ሳሙና «የኔታ፣ አባትነቱን ማን ነሣዎ? አንቱ ከሄዱ እነዚህ ሁሉ ማር የላሱት ለምን ብለው ነው?» አሏቸው። የኔታም የአቶ ቢሆነኝን አውራ ጣት ይዘው ላሱና «እናቴ፣ ለልጅ አይሰሰትም፤ ማሩ ጥቂት አነሰ» ሲሉ ደጀ ሰላሙ በሳቅ ሞላ።

በታኅሣሥ ወር ሹሙ አስተርጓሚውንና አስካሪ ወታደሮቹን አስከትሎ ከቡሬ መጣ። የደብሩ ሰው በየቤተሰቡ ተሰልፎ እንዲቆም ታዘዘ። አስተርጓሚው እየዞረ «ይኼ ማን ነው?» ይላል፤ «ልጄ ነው» ይባላል፤ ካህናቱ ይመሰክራሉ። ወጉ ስለ ተፈጸመ ማንም አልዋሸም። ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ዘንድ ሲደርስ ግን ቆመ። እሳቸው ገና ሠላሳ ያልሞላቸው ሴት ናቸው፤ ከጎናቸው ጺማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ የኔታ ቆመዋል።

«ይኼስ ሽማግሌ?»

«የበኩር ልጄ ነው፣ ጌታዬ።»

«አንቺን ይወልድሻል እኮ።»

«ምን ላድርግ፣ ትምህርት በዝቶበት ቶሎ አረጀብኝ» አሉ ወይዘሮ ባንቺአየሁ። ይህ አልበቃ ብሏቸው ወደ የኔታ ዞሩና «ና ልጄ፣ ለጌቶቹ እጅ ንሣ» አሉ።

በዝግባ ማርያም ከዚያ በፊት የኔታን አንተ ብሎ የጠራ አልነበረም። የኔታ እንደ ታዛዥ ልጅ ራመድ ብለው እጅ ነሡ። አስተርጓሚው ለሹሙ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሹሙ ሆዱን ይዞ ሳቀና እጁን አወዛውዞ አለፋቸው። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደ ተረጎመው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሲሄድ ግን ወደ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጠጋ ብሎ «ልጅሽን ደህና አድርገሽ ያዥ» እንዳላቸው እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

እንግዶቹ ከዓይን እንደ ራቁ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከየኔታ እግር ላይ ወድቀው «ይፍቱኝ፤ አንቱን አንተ ብያለሁ» እያሉ አለቀሱ። የኔታም «እናት ልጇን ምን ልትለው ኖሯል?» ብለው አነሷቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ማለታቸው ቀልድ መሆኑ እየቀረ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ጠዋት የየቤታቸውን እርሻ ሲያርሱና ሲያርሙ፣ ከሰዓት በኋላ ዜማቸውን ሲማሩ ቆዩ። ከአጥሩ ወዲያ ከበሮው ሳይቋረጥ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። ትምህርታቸውን የፈጸሙት የጡት ልጆችም በአዴት፣ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አጥቢያዎች መሪጌቶች ሆኑ። ታከለ ኋላ በየኔታ ወንበር ተተክተው የዝግባ ማርያም መሪጌታ ሲሆኑ፣ በ1934 ዓ.ም. ወይዘሮ እናኑን በተክሊል አገቡ። ለሠርጉ ማሩን የሰጡት አቶ ቢሆነኝ ነበሩ፤ ዋንጫውን እናኑ እንዳትይዘው ግን ሽማግሌዎች ከለከሉ። ይህን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀችው የልጅ ልጃቸው ሀብትነሽ ታከለ ስትሆን፣ ያ ማር ባይደፋ ኖሮ ጸሐፊዋ ባልኖረች ነበር።

የኔታ ክንፈሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ዐረፉ። በሕመማቸው ጊዜ ከራስጌያቸው ያልተለዩት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነበሩ። የኔታ በመጨረሻ «ወጉስ ልጅ እናቱን ሲቀብር ነበር፤ እኔ ቀደምኩሽ። እንግዲህ ከአጠገቤ ቦታ ይዤ እጠብቅሻለሁ» አሏቸው፤ ካህናቱንም በዚህ አስማሏቸው። ወይዘሮ ባንቺአየሁ እንደ ወላጅ ሐዘን ተቀምጠው ለቀስተኛ ተቀበሉ። አቶ ቢሆነኝም በ1961 ዓ.ም. በሰላም ዐረፉ።

በ1967 ዓ.ም. የደብሩ መሬት ለገበሬ ሲደለደል የአቋቋም ቤቱ እንደገና ያለ ድርጎ ቀረ። ወጣቶቹ ካህናት ጨንቋቸው ወደ ወይዘሮ ባንቺአየሁ መጡና ተማሪዎቹን ማሰናበታችን ነው አሉ። እሳቸው የፈተሉትን ድውር እያጠነጠኑ አዳመጧቸውና «ማር አለ» አሉ። በዚያው ሳምንት ደብሩ ተማሪዎቹን ቤት ቤት ተካፈለ። እስከ ዛሬም በዝግባ ማርያም ተማሪ የሌለው ቤት አንድ ነገር እንደ ጎደለው ይቆጠራል።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ጨዋታ ወዳድ፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚበርድ፣ ደጃቸው የማይዘጋ እናት ነበሩ። በእርጅናቸው ዘመን ከዚያው ከቅንጭቡ አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ ከበሮውን ማድመጥ ደስታቸው ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጉልበት ሲያጥራቸው ልጆቻቸው ፍኖተ ሰላም ወስደው አሳከሟቸው፤ እሳቸው ግን «ከአጥሬ መልሱኝ» ስላሉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ተማሪዎቹ ዝማሜ ላይ ሳሉ፣ ኅዳር 18 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ከአብራካቸው የተከፈለ ልጅ አልነበራቸውም። መሪጌታ ታከለንና ወይዘሮ እናኑን፣ በየዘመኑ የተቀበሏቸውን ከሃያ የሚበልጡ የጡት ልጆችን፣ ቁጥራቸውን የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ለማጣራት ያልቻለችውን የልጅ ልጆች ትተው ሄደዋል። ዛሬ በአስከሬናቸው ዙሪያ ከበሮ የሚመቱት፣ የሚዘምሙትና መቋሚያ ይዘው የቆሙት መሪጌቶች ሁሉ የእሳቸው ልጆች ናቸው፤ የሚሰማውም ዜማ እሳቸው ያቆዩት ነው።

ሥርዓተ ቀብራቸው የሚፈጸመው ከየኔታ ክንፈሚካኤል መቃብር ጎን፣ የበኩር ልጃቸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ይዘው በጠበቁላቸው ቦታ ነው።

ቤት ለሌላቸው ቤት የሆኑትን እናታችንን፣ ወለተ ሥላሴን፣ ቸሩ አምላክ በማያልፈው ቤቱ ልጄ ብሎ ይቀበልልን። አሜን።