የእናቴ ሃያ ደቂቃ

ለተከበሩ የፍርድ ቤቱ የአስተርጓሚዎች ምደባ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትሰነብቱ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ወር የእኅቴ የሞት ጉዳይ ሲታይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የነበርኩት ወንድሟ ነኝ። ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. እናቴ የችሎቱን ቋንቋ ስለማትችል የሠለጠነ አስተርጓሚ እንዲመደብላት ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ አመልክተን ነበር፤ እርስዎም በቀጠሮው ጠዋት የመሥሪያ ቤትዎን ሾፌር ስለላኩልን እናመሰግናለን። ሰውየው በእናቴ አገር ዕቃ ሲያመላልስ በቋንቋዋ ሰላምታ መስጠትና መንገድ መጠየቅ ለምዷል። አስተርጓሚ ከመኪና ማቆሚያ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሚሉ ክፉዎች አሉ፤ እኔ ግን አልልም።

፪ኛ. እናቴ ሃያ ደቂቃ ተናገረች። እኅቴ በምትሠራበት የጨርቅ ፋብሪካ የማሽኑ መከለያ ከወለቀ ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ ልጅቷ ለፈረቃ ኃላፊው ሁለት ጊዜ እንዳመለከተች፣ በመጨረሻዋ ጠዋትም ፀጉሯን አጥብቃ እያሰረች ማሽኑን እንደምትፈራው ነግራት እንደወጣች፣ አንድ በአንድ አስረዳች። ሾፌርዎ ላቡን ጠረገና «በልጃቸው ሞት በጣም አዝነዋል» አለ። እናቴ ሁሉም የተባለላት መስሏት ራሷን ነቀነቀች። ጸሐፊዋም ይህችኑ መዘገበች።

፫ኛ. ሁለቱንም ቋንቋ የምችለው እኔ ብድግ ብል፣ የሟች ዘመድ ያዳላል ተብዬ እንድቀመጥ ታዘዝኩ። ደንቡ ልክ ነው፤ ምንም ያልገባው ሰው ወደማንም አያዳላም።

ሾፌሩን አልተቀየምኩትም። ኮሪደሩ ላይ ጠብቆኝ፣ «ወንድሜ፣ ስለ ማሽኑ ያሉት አንዱም አልገባኝም፤ ግባ ተባልኩ፣ ገባሁ» አለኝና አለቀሰ። ከመሥሪያ ቤትዎ ይቅርታ የጠየቀን እሱ ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ በፋብሪካው ጥፋት ላይ የመሰከረ ሰው የለም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። እኅቴ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። አንጀቴ አሯል ክቡር ሆይ፤ ይህን በጨዋ ቃል የምልበት ሌላ መንገድ አጣሁ።

የእናቴን ሃያ ደቂቃ በአንድ ትንፋሽ ለጨረሰው ክፍልዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የሟች ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ውሳኔው ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ፣ ወረቀቱን ይዤ «እማ፣ ያልሽውን ሁሉ ሰምተዋል» ብዬ ተረጎምኩላት። «ተመስገን፤ እንግዲያስ ለጓደኞቿ መከለያውን ይሠሩላቸዋል» አለች። እነሆ እኔም ያልተባለውን እንደተባለ አድርጌ ማቅረብ ችያለሁና፣ በክፍልዎ ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር እንዲያስቡኝ በትሕትና አመለክታለሁ።