የዘበኛው ቃል

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ለእታለም፣ ለሆዴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እንዴት እንደሆንኩ አላውቅም። በስልክ እንዳልነግርሽ አባዬ ከአጠገቤ አይጠፋም። ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ በአፌ ሲሆን ግማሹ ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ጭምቷ ያላችሁኝ በከንቱ አይደለም።

ባለፈው የልብስ ስፌት ቤቷ ሴትዮ ከሥራ እንዳሰናበተችኝ ጽፌልሽ ነበር። ለአባዬ ምን ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኝ ደጅ ቆሜ ስቀር፣ እሱ ራሱ ወጥቶ፣ እጁን መቃኑ ላይ አሳርፎ፣ «ባዶ እጅሽን ብትመጪም በሩ ያው በርሽ ነው። ግቢና ጫማሽን አውልቂ» ያለኝን ታስታውሻለሽ። አንብበሽው እንዳለቀስሽ ነግረሽኛል።

ትናንት ቴሌቪዥኑን ከፍቼ የአባዬን ሸሚዝ እተኩስ ነበር። የድሮ ድራማ ይደግማሉ። አባዬ ዘበኛ ሆኖ ይጫወታል፤ ጸጉሩ ገና ጥቁር ነው። ልጁ ከሥራ ተባርራ መጥታ ደጅ ትቆማለች። እሱም እጁን መቃኑ ላይ አሳረፈ። አፉን ሳይከፍት አወቅኩት፣ እታለም። «ባዶ እጅሽን ብትመጪም በሩ ያው በርሽ ነው።» ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ «ግቢና ጫማሽን አውልቂ።» ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረስቼው የጨርቁ ጭስ ነው ያባነነኝ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ዕድሜውን ሙሉ በቲያትርም በፊልምም ዘበኛ፣ ዳኛ፣ አበዳሪ፣ ሬሳ ሲሆን ኖሮ፣ ዋናውን ሰው አንድም ቀን ሳይሆን፣ ለገዛ ልጁ እንኳ የራሱ ቃል አጣ? በትወና ሸነገለኝ አልኩ። በር ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

ከማዶ ባለሱቁ አባዬን እንደ ልማዱ «ሟቹ፣ ዛሬስ ማን ገደለዎት?» ይለዋል። የአባዬን ስም የሚያውቅ የለም እንጂ ፊቱን የማያውቅ የለም። «ደራሲው ነዋ፣ ሌላ ምን ጠላት አለኝ» አለ አባዬ፤ ሱቁ ውስጥ ያሉት ሳቁ። ከዚያ ባለሱቁ ምን ልስጥዎት ሲለው አባዬ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ። ደረቱንም ነፍቶ፣ «ችሎቱ ጉዳዩን አይቶ ለነገ ቀጥሯል» ብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። የዳኛው ቃል ነው። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን መንገድ ሲሻገር ፊቱን አየሁት። ምን ሊገዛ እንደወጣ አያውቅም ነበር። ስኳር ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ንዴቴ ጥሎኝ ጠፋ፤ ብርድ ገባኝ። መልስ ሲጠፋው ነው ከተጫወታቸው ሰዎች ቃል የሚበደረው። የአንቺም ነገር ትዝ አለኝ። በሥራ ውሌ ላይ ሁለት ዓመት ልጨምር ወይስ ልምጣ ብለሽ ስትጠይቂው፣ «አንቺ መንገድሽን ቀጥይ፤ እኔን ጎረቤት ያየኛል» አላለሽም? እታለም፣ የባቡር ጣቢያ ጠራጊ ሆኖ በተጫወተበት ፊልም ልጁን ሲሸኝ ያለው ነው። ፊልሙን አንቺም አይተሽዋል።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ አቅርቤለት አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ።

«አባዬ፣ እኔ ማነኝ?» አልኩት።

«ልጄ» አለኝ። በየድራማው ልጁ የምትሆነውን ሁሉ እንዲያ ነው የሚላት።

«የትኛዋ ልጅህ?»

አየኝ፣ አየኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ሰው የሞላበት አዳራሽ ፊት ያለ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቃሌ ጠፋኝ፤ አቀብዪኝ» አለኝ። መድረክ ላይ ሲጠፋባቸው ከመጋረጃ ጀርባ ላለው ሰው እንደሚሉት።

«ጭምቷ» አልኩት።

«ጭምቷ» አለ። እንዴት አሳምሮ እንዳለው ብትሰሚው። ማንም ቢሆን ያምን ነበር። እኔም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አመንኩት።

ውሉን ፈርሚ ወይም አትፈርሚ አልልሽም፤ ታናሽሽ ነኝ። እሁድ ስትደውዪ ግን ደህና ነህ ወይ ብለሽ አትጠይቂው፤ እሱን ስንቴ ተጫውቶታል። ስምሽን ጠይቂው። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ግን አላቀብለውም።

ያለሽበት አገር ይመችሽ፤ ያሳደርሽው ሐሳብ ሁሉ በጎ ይሁንልሽ።

ታናሽሽ፣
ጭምቷ