አለምነሽ የምላት ሴት

እሑድ፣ ጠዋት

እንደገና አጋሚም ሰፈር። ሊፍቱ አይሠራም፤ በደረጃ ወጣሁ። በሩን የከፈተው ባልየው ነው። ስማቸውን ላንቺም ቢሆን አልነግርሽም፣ ማስታወሻዬ። ረቫኻ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው፣ ስቀጠር የሰው ገመና ከቢሮ አላወጣም ብዬ ፈርሜያለሁ። እሷን አለምነሽ እንበላት። እሱን ታከለ።

አገጯ ጠቁሯል። ምን ሆንሽ ስላት ታከለ ይመልሳል፦ የቁም ሣጥን በር ነው። ሥራ እንዴት ነው ስላት እሱ ይመልሳል። እንቅልፍስ ስላት፣ እሱ። እሷ ምንጣፉን ታያለች። የመኝታ ቤቱ በር መሀሉ ላይ ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ አለው።

እስከ ደረጃው ሸኘችኝ። ስልኬን በጆሮዋ ነገርኋት፤ በቃሏ እንድትይዘው። ከንፈሯ ቁጥሩን ሲደግም አየሁ።

ማክሰኞ

ደወለች፣ ከጎረቤት ስልክ። እጇን የበሩ መቃን ላይ ይዞ በሩን ዘግቶባታል። ሁለተኛ ጊዜ በእርግጫ።

ሆስፒታል ስደርስ ጣቶቿ አብጠው ቀለበቷን በመቁረጫ እያወጡላት ነው። አታለቅስም። ነርሷ በዕብራይስጥ ትጠይቃለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ስንት ጊዜ መትቶሻል የሚለውንም አስተረጎምሁላት።

"መቁጠር ትቻለሁ" አለች።

ለፖሊስ ቃሏን ሰጥታ ከሰሰችው፤ ሚቅላት ለመግባትም ተስማማች። ከሮኬት የምንሸሸግበት አይደለም፤ ሴቶች ከባሎቻቸው የሚሸሸጉበት ቤት ነው፣ ሌላ ከተማ። አድራሻው ለማንም አይነገርም። ራሴ ይዣት ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ ታያለች። እኔም።

ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

አባባ፣ ሚግዳል ሰፈር ገበያው ጥግ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከጎንደር ጀምሮ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው። የታከለ ወንድሞች ሽማግሌ ሁንልን ብለው ለምነውታል። አለምነሽ የት እንዳለች ጠየቀኝ። አልችልም አልሁት።

"እኔ አባትሽ ነኝ።"

"አባባ፣ ለማንም አይነገርም።"

"እኔ ማንም ነኝ?"

የገዛሁለትን ቲማቲም ሳይቀበል አውቶቡስ ላይ ወጣ። ምሥጢር መጠበቅን ዩኒቨርሲቲ ተምሬ በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ። የአባቴ ጀርባ ግን ፈተናው ላይ አልነበረም።

እሑድ

አንዱ ዓይኔ አይከፈትም፤ ፊደሌ ቢጣመም ቻዪው።

ታከለ ቢሮ መጣ። የመግቢያውን መስታወት በወንበር አደቀቀው። ባለጉዳዮቹ ተራወጡ። ሚስቴን መልሺልኝ ይላል፣ በአማርኛ። ከሠራተኞቹ የሚለው የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ተቀመጥና እንነጋገር አልሁት፣ እንደተማርሁት፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ፀጉሬን ይዞ ግንባሬን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ደገመው። ጥርሴ ሲሰበር የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም፣ በራስ ቅሌ ነው። ደሜ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። ጥበቃው ከኋላ አንቆ ጣለው።

ታከለ መስታወቱ ስብርባሪ ላይ ተጋድሞ፣ ክንዱ እየደማ፣ ያለቅሳል። አሳዘነኝ። ወዲያው ደግሞ አፉን በጫማዬ ልረግጠው ፈለግሁ። ሁለቱንም እጽፍልሻለሁ፤ ሁለቱም እውነት ናቸውና።

ፖሊስ ወሰደው፤ እኔም ከሰስሁት። ቅንድቤ ተሰፋ።

ማክሰኞ፣ ቤት

የሰፈሩ ወሬ ደርሶኛል፦ ቤት አፍራሽ፣ ሰው አሳሳሪ። ከታች ፎቅ ያሉት እትዬ ብርቱካን ሰላምታዬን አልመለሱም።

አባባ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን ያያል። ያያል። ክሱን እንድታነሺ ልለምንሽ ነበር የመጣሁ አለኝ። የታከለ ወንድሞች ልከውታል።

ተቀመጠ። ቆቡን አወለቀ።

"ያን ዕለት ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ ራሴ መርቼ ወደ እሷ እወስደው ነበር" አለ።

ሾርባ አሞቀልኝ። አሳረረው። ጠጣሁት።

ዓርብ

ሚቅላት። አለምነሽ እጇ ጀሶ ውስጥ ነው። ወደ ቤቴ እመለሳለሁ ትላለች። ወንድሞቹ በእህቷ በኩል አግኝተዋታል፤ በስልክ እየማለዱ፣ እየረገሙ። ባሌ በእኔ የተነሳ ታሰረ፣ ክሴን አነሳለሁ ትላለች።

ጮኽሁባት። ይገድልሻል አልሁ። ሬሳሽን ነው የምናወጣው አልሁ። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት።

ጀሶውን ወደ ፊቷ አነሳች። ጋረደችው።

ከእኔ ነው። ከእኔ ነው የተከላከለች።

ከዚያ፣ በቀስታ፦ "እሱ የት እንደምቀመጥ ይነግረኛል። አንቺ የት እንደማድር ትነግሪኛለሽ። እኔን መቼ ነው የምትጠይቁኝ?"

ወደ ግቢው ወጣሁ። ያ ጩኸት ለእሷ አልነበረም። ለተሰፋው ቅንድቤ ነበር። ስንት ዓመት ለሰዎች ምርጫው የእናንተ ነው ስል ኖርሁ። አባባሉ አፌ ላይ ተመላልሶ አልቋል መሰለኝ፤ ለአንዲት ሴት ሲያስፈልግ አጣሁት።

ሰኞ

አለቃዬ ሩቲ ወደ አረጋውያን ክፍል ላዛውርሽ አለች። ሰላም ያለበት ሥራ ነው፣ ማንም አይመታሽም። እሺ ልል አፌን ከፈትሁ። አላልሁም። እዚሁ እቆያለሁ። የአለምነሽን ጉዳይ ግን ለባልደረባዬ ለሚካል አስረከብሁ። ሚካል አማርኛ አትችልም፤ አስተርጓሚ በመሀላቸው ይቀመጣል፣ ግማሹ ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። አውቃለሁ። እኔ ግን አሁን የእሷን ቃል ስሰማ የምሰማው የራሴን ቁስል ነው።

ለአለምነሽ ደወልሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ያንቺ ክስ ያንቺ ነው፣ አንሺው አታንሺው አልልሽም፤ የእኔ ፊት ክስ የእኔ ነው፣ አላነሳውም አልኋት። ምን ትፈልጊያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። መልሱን ራሴ አልሞላሁላትም፤ ከባድ ነበር።

ጀሶው እስኪወጣ እዚህ እቆያለሁ አለች። ከዚያ በኋላ እኔ እነግራችኋለሁ አለች።

ነገ ፍ/ቤት ነው፣ ታከለ ይለቀቅ አይለቀቅ የሚባልበት። አባባ እመጣለሁ ብሏል። የታከለ ወንድሞችም ይመጣሉ። ከማን ጎን እንደሚቀመጥ አልጠየቅሁትም። የትም ይቀመጥ። ስሜ ሲጠራ ተነስቼ እናገራለሁ።